ወደ ኤሎት ባሕር ዳር ያደረግነው ጕዞ

ኢየሩሳሌምን ተሳልሞ የሚመለስ ክርስቲያን ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ጎልጎታ፣ ስለ ቤተ ልሔምና ስለ ዮርዳኖስ ነው፤ ይህም የተገባ ነው። እኛ ግን በ2015 ዓ.ም. በዓለ ትንሣኤን በዴር ሡልጣን ካከበርን በኋላ፥ ዳግም ትንሣኤም ካለፈ ወዲያ፥ ወደ አገራችን እስክንመለስ የቀሩንን ሁለት ቀኖች ወደ ደቡብ ወርደን የኤርትራን ባሕር ራስጌ በማየት አሳለፍናቸው። በዚያ የተመለከትነው የፍጥረት ሥራ በየቤተ ሰቡ ቢነገር ይጠቅማል ብዬ ስላሰብሁ፥ ለመጽሔታችን አንባብያን እንደሚከተለው ጽፌዋለሁ።

ከመነሣታችን በፊት ክርክር ነበረ። ከእኛ ጋር የነበሩት መሪጌታ፥ «ተሳላሚ ከጎልጎታ ወርዶ ወደ መዋኛ ምን ያደርሰዋል?» ሲሉ ተቃወሙ። እኔም እንደ መምህርነቴ መጽሐፍ መጥቀስ ይቀናኛልና፥ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ በምዕራፍ 9 ንጉሥ ሰሎሞን መርከቦቹን ያሠራው በዚያው በኤሎት አጠገብ በዔጽዮን ጋብር መሆኑን፥ ወዲያውም በሚከተለው ምዕራፍ የንግሥተ ሳባ ታሪክ መነገሩን አስታወስኋቸው። መሪጌታ ግን ከእኔ ይልቅ መጽሐፉን ያውቁታልና ፈገግ ብለው፥ «ሰሎሞን መርከብ ሊያሠራ ወረደ እንጂ ሊዋኝ ወረደ የሚል አላነበብሁም» አሉኝ። ክርክሩን የቆረጠው የእኔ ጥቅስ አልነበረም። ከደሴ አብረውን የመጡ፥ ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ አንዲት እናት ከማዕዘን ተቀምጠው ሲሰሙ ቆይተው፥ «እኔ ባሕሩን ማየት እፈልጋለሁ» አሉ። ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም፤ ምክንያታቸውን ሁላችን እናውቅ ነበርና።

መንገዱ ራሱ ትምህርት ነው። ከባሕር ወለል በላይ 800 ሜትር ገደማ ከፍ ካለችው ከኢየሩሳሌም የተነሣ አውቶቡስ ብዙም ሳይቆይ ከባሕር ወለል በታች ከ430 ሜትር በላይ ዝቅ ወዳለው ወደ ጨው ባሕር ዳር ይደርሳል። በምድር ፊት ላይ ከዚህ የሚያንስ ዝቅተኛ የብስ የለም። ከዚያም ዓረባ በሚባለው በረሃ ውስጥ፥ የኤዶምያስን ቀያይ ተራሮች በግራ እያሳየ፥ ቀጥ ብሎ ወደ ደቡብ ይሄዳል። የሥነ ምድር ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ይህ ሸለቆ ከእኛው ከስምጥ ሸለቆ ጋር የተዛመደ ነው። በአፋር ምድር ሦስት ስንጥቆች ይገናኛሉ፤ አንደኛው ዝዋይንና ሻላን ይዞ ወደ ደቡብ ይወርዳል፥ ሁለተኛው የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ከፍቶ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፥ ሦስተኛው ቀይ ባሕርን ከፍቶ ወደ ሰሜን ይወጣል፤ ጫፉም በዓቃባ ባሕረ ሰላጤ፣ በጨው ባሕርና በዮርዳኖስ ሸለቆ በኩል ይቀጥላል። ይህን ለመሪጌታ ሳስረዳቸው፥ «እንግዲህ ከቤታችን ደጅ አልራቅንም በለኛ» አሉ።

ከአምስት ሰዓት ያህል ጕዞ በኋላ ኤላት ደረስን። በመጽሐፋችን ኤሎት የምትባለው ጥንታዊቱ ከተማ የነበረችው አሁን በዮርዳኖስ መንግሥት ግዛት ባለችው በዓቃባ አጠገብ እንደ ሆነ ይታመናል፤ የዛሬይቱ ኤላት ከ1940ዎቹ ዓመታት ወዲህ በማዶ በኩል የተሠራች አዲስ ከተማ ናት። በዓመት የሚዘንብላት ዝናብ 30 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ይህም በእኛ አገር በአንድ የነሐሴ ከሰዓት በኋላ ሊወርድ የሚችል ነው። ወንዝ ስለሌለም አፈርና ጭቃ ወደ ባሕሩ አይገባም፥ ውኃውም እንደ ብርጭቆ የጠራ ነው። አፈሩን በየክረምቱ ለጎረቤት ለሚሸኝ ለእኛ ይህ አስገራሚ ነገር ነው።

የባሕሩን ስም በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ዕብራውያን «ያም ሱፍ» ይሉታል። የእኛ መጽሐፍ ግን ከግሪኩ ተከትሎ «የኤርትራ ባሕር» ይለዋል፤ ትርጓሜውም ቀይ ማለት ነው። ነገር ግን በዐይኔ ያየሁት ውኃ በዳሩ አረንጓዴ፥ ጥቂት ራቅ ሲሉ ሰማያዊ፥ ከዚያም ወዲያ የቀለም ብልቃጥ የተደፋበት የሚመስል ጥቍር ሰማያዊ ነበረ። ቅላት ያየሁት ፀሐይ ስትገባ በማዶ ባሉት ተራሮች ላይ ብቻ ነው።

ያስጎበኘችን ሴት በጎንደር የተወለደች ቤተ እስራኤላዊት ናት። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በሰሎሞን ዘመቻ በአውሮፕላን ስትመጣ የአምስት ዓመት ልጅ እንደ ነበረች ነገረችን። አማርኛዋ የእናቷ ማጀት አማርኛ ነው፤ ስለ ምግብ፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ጤና አጥርታ ትናገራለች፥ የባሕሩን ነገር ለመግለጽ ግን ቃል ያጥራታል። እኛ ኮራል የምንለውን እነርሱ «አልሞግ» ይሉታል፤ ዐረቦች ደግሞ መርጃን ይሉታል። መሪጌታ አልሞግ የሚለውን ሲሰሙ ቀና አሉ። የኪራም መርከቦች ከኦፊር ያመጡትና የቤተ መቅደሱ መሰላልና የመዘምራን በገና የተሠራበት የከበረ እንጨት በዕብራይስጡ «አልሙግ» ይባላልና ነው። ስሙ ከእንጨቱ ወደ ባሕሩ ፍጥረት እንዴት እንደ ተሸጋገረ እኔም መሪጌታም አልደረስንበትም፤ ሆኖም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መሪጌታ ስለ መዋኛ አላነሡም።

የተጠበቀው ስፍራ ከከተማው በስተ ደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ወደ ግብፅ ወሰን በሚወስደው መንገድ ዳር ይገኛል። ርዝመቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። አንድ ሰው ሳይደክም በሩብ ሰዓት ይጨርሰዋል። ይህ ትንሽነቱ መጀመሪያ አሳዘነኝ፤ ኋላ ግን በየዕለቱ ስንት መቶ ሰው እንደሚገባበት ሳይ እስከ ዛሬ መኖሩ ደነቀኝ። የኮራሉ ግንብ ከዳሩ ጋር ትይዩ ሆኖ እንደ ግርግዳ ቆሟል፤ በግንቡና በዳሩ መካከል ጥልቀት የሌለው ውኃ ተኝቷል። ጎብኚው በእግሩ እየረገጠ እንዳያልፍ ሁለት ድልድዮች ከዳሩ ተነሥተው በግንቡ ላይ አልፈው ወደ ጥልቁ ይዘልቃሉ። ሰው በድልድዩ ሄዶ፥ በመሰላል ወርዶ፥ ከግንቡ ውጭ ባለው ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። መንገዱንም በውኃው ላይ የሚንሳፈፉ ኳሶች ይመሩታል። ሥርዓቱ ጥብቅ ነው፤ መንካት፣ መቁረጥ፣ መርገጥ፣ የሞተውን ዛጎል እንኳ በኪስ ይዞ መውጣት፣ ዓሣውን መመገብ፥ ሁሉም ክልክል ነው።

ስለ ልብሱ ነገር አንባብያን ሳይጠይቁኝ አይቀሩም። በባሕር ዳር የሚታየው አለባበስ ለእኛ ለሽማግሌዎች አስደሳች አይደለም፥ ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። ነገር ግን አስጎብኚያችን ለእያንዳንዳችን እጅጌው እስከ አንጓ፥ እግሩም እስከ ቍርጭምጭሚት የሚደርስ የዋና ልብስ አመጣችልን። እኔ ለእኛ ብላ መስሎኝ አመሰገንኋት። እርሷ ግን፥ «ጋሼ፥ ለእናንተ ብቻ ብዬ አይደለም፥ ለኮራሉም ብዬ ነው» አለችኝ። ሰዎች ፀሐይ እንዳያቃጥላቸው የሚቀቡት ቅባት በአንዳንዱ ዓይነት ውስጥ ያለው መድኃኒት በውኃ ታጥቦ ሕፃኑን ኮራል ይጎዳዋል። የሐዋይ ግዛት ይህን በሕግ ከልክሎ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲህ ያለው ቅባት እንዳይሸጥ አድርጓል። እንግዲህ የተሸፈነ ሰው ቅባት አያስፈልገውም። የአያቶቻችን ጨዋነት ለዓሣም እንደሚጠቅም የተማርሁት በዚያ ቀን ነው።

መሣሪያው ቀላል ነው። ዐይንንና አፍንጫን የሚከድን መነጽር፥ በአፍ ተነክሶ ከውኃው በላይ ብቅ የሚል የመተንፈሻ ቧንቧ፥ ለማይችልም የሚያንሳፍፍ ሰደርያ ነው። በልጅነቴ በቦርከና ውኃ ዋና ተምሬ ነበርና ሰደርያውን እንቢ አልሁ፤ ይህ ስሕተት ነበረ። ወንዝ ሌላ ባሕር ሌላ ነው። ፊቴን ወደ ውኃው በደፋሁ ጊዜ አካሌ ሁሉ መተንፈስን እንቢ አለ፤ ቧንቧው አየር እያመጣልኝ እኔ ግን እንደ ሰጠመ ሰው ታፍኜ ቀና አልሁ። ሦስት ጊዜ እንዲሁ ሆነ። አስጎብኚዋም ሰደርያውን ያለ አንዳች ንግግር አምጥታ አለበሰችኝ፥ እኔም ያለ አንዳች ንግግር ለበስሁ። በአራተኛው ጊዜ በቀስታ ተነፈስሁ፤ ዐይኔንም ገለጥሁ።

በዕለተ ሐሙስ ከባሕር ስለ ወጡት ፍጥረታት፥ በክንፍ ስለሚበሩት፣ በእግር ስለሚሽከረከሩትና በልብ ስለሚሳቡት፥ በልጅነቴ በቃል ተምሬአለሁ፥ ለልጆችም አስተምሬአለሁ። ትምህርቱን በአንድ ገበታ ላይ ቀርቦ ሳየው ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነበረ። ከእኔ በታች ያለው ግንብ በአንድ ስፍራ የአጋዘን ቀንድ፥ በሌላ ስፍራ የተገለበጠ እንጉዳይ፥ በሌላም የአንጎል ቅርጽ ይመስላል። በዙሪያው ቢጫና ጥቍር የተሰነተረባቸው ጠፍጣፋ ዓሦች ጥንድ ጥንድ ሆነው እንደ ባልና ሚስት ይዞራሉ፤ ቢራቢሮ ዓሣ ይሏቸዋል። በቀቀን ዓሣ የሚባለው አረንጓዴው፥ አፉ እንደ በቀቀን መንቍር የጠነከረ ስለ ሆነ፥ ድንጋዩን ሲነክስ ጆሮዬ ሰማው። ያ ነክሶ የዋጠውን ድንጋይ በሆዱ ፈጭቶ አሸዋ አድርጎ ይለቀዋል፤ በብዙ አገር ሰው የሚንሸራሸርበት ነጭ አሸዋ ብዙው የዚህ ዓሣ ወፍጮ ሥራ ነው። አንዲት ጣት የምታህል ዓሣ ደግሞ በትልቁ ዓሣ አፍ ውስጥ ገብታ ጥርሱን ስታጸዳ አየሁ። ትልቁ አፉን ከፍቶ በትዕግሥት ይጠብቃታል፥ አይውጣትም፤ እርሷ ከላዩ ላይ የምትለቅመው ምግቧ ነው፥ እርሱም ጤና ያገኛል። ከክንፉ ላይ መርዛም እሾህ ያለው አንበሳ ዓሣም ነበረ፥ ድንጋይ መስሎ የሚተኛ እጅግ መርዛም ዓሣም በዚያ ባሕር አለ። አትንኩ የሚለው ሥርዓት ለኮራሉ ብቻ ሳይሆን ለእኛም ጥበቃ መሆኑን ከዚህ ተረዳሁ።

ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ድንጋይ አይደለም። እጅግ ጥቃቅን የሆኑ፥ አፍና ክንድ ያላቸው ፍጥረታት በማኅበር ተጠግተው የሚኖሩበት ቤት ነው። እያንዳንዱ ከባሕሩ ውኃ ኖራ እየሰበሰበ ከበታቹ ግንብ ይሠራል፤ እርሱ ሲሞት ልጁ በአባቱ ቤት ላይ ቤቱን ይሠራል። በሥጋው ውስጥ ደግሞ ከዱቄት የደቀቁ ዕፀዋት ያድራሉ፤ እነርሱ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ አዘጋጅተው ለባለቤቱ ያካፍላሉ፥ ባለቤቱም ማደሪያ ይሰጣቸዋል። ከዚህ የተነሣ ኮራል ብርሃን በሌለበትና ውኃው በደፈረሰበት ስፍራ ግንብ ሊሠራ አይችልም። ከዓይነቶቹ ብዙዎቹ በዓመት የሚያድጉት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አንድ ሰው ተሰናክሎ የሰበረው የክንድ ርዝመት ያለው ቍራጭ እንግዲህ የሃምሳ ዓመት ሥራ ሊሆን ይችላል።

ስለ ልደታቸው የሰማሁት ከሁሉ ይልቅ ደነቀኝ። ከኮራል ወገኖች ብዙዎቹ ዘራቸውን ወደ ውኃው የሚለቁት በዓመት ውስጥ በተወሰነ ወር፥ በተወሰነ የጨረቃ ሌሊት፥ በተወሰነ ሰዓት ነው፤ ግንቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይፈታል። እኛ አጽዋማትና በዓላትን ለማውጣት አበቅቴና መጥቅዕ እየቆጠርን በባሕረ ሐሳብ ስንደክም፥ ዐይን የሌለው ፍጥረት በእውነተኛው ባሕር ውስጥ ሌሊቱን ሳይስት ይጠብቃል። መሪጌታ ይህን ሰምተው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ነገር ግን የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚሁ በኤላት ባሕር ለዓመታት ሌሊት ሌሊት ጠብቀው እ.ኤ.አ. በ2019 እንዳስታወቁት፥ ከወገኖቹ አንዳንዶቹ ይህን አንድነት እያጡ ነው፤ አንዱ ዛሬ፥ ሌላው ከሳምንት በኋላ ይለቃል፥ ዘሩም ሳይገናኝ ይቀራል። በእነዚያም ዘንድ አዲስ የተወለደ ሕፃን ኮራል እምብዛም አልተገኘም። ሽማግሌው ቆሞ ይታያል፥ ቤቱ ግን ወራሽ የለውም።

ይህን ግንብ የጎዳው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። በባሕረ ሰላጤው ራስ ዓሣ በመረብ ቤት ያረቡ የነበሩ ድርጅቶች ቆሻሻው ኮራሉን ይጎዳል ተብሎ ከረጅም ክርክር በኋላ በ2000 ዓ.ም. መረባቸውን አንሥተዋል። በኅዳር 2007 ዓ.ም. ከከተማይቱ በስተ ሰሜን የነዳጅ ቧንቧ ፈንድቶ፥ በሚሊዮን የሚቆጠር ሊትር ድፍድፍ ዘይት በዔቭሮና በረሃ ባሉ የግራር ዛፎች መካከል ፈሰሰ፤ ወደ ባሕሩ አልደረሰም እንጂ መንገዱ ወደዚያው ነበረ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ደግሞ ብርቱ ማዕበል ከደቡብ ተነሥቶ ግንቡን ሰባበረ፥ የቆሙትን ገለበጠ። እኛ በሄድንበት ዓመት ሌላ መቅሠፍት ነበረ። ረጅም እሾህ ያለው ጥቍር የባሕር ጃርት፥ በፊት በየድንጋዩ ሥር ሞልቶ ይታይ የነበረው፥ በክረምቱ ወራት በጥቂት ቀን ውስጥ አልቆ ነበረ። ምክንያቱ በዐይን የማይታይ ተሐዋሲ መሆኑ ኋላ ተረጋግጧል። ይህ ጃርት የሚበላው በኮራሉ ላይ የሚበቅለውን አረም ነው፤ እርሱ ከጠፋ ማሳው አራሚ የለውም ማለት ነው። እኔ በዚያ ቀን ያየሁት አንድ ባዶ ቅርፊት ብቻ ነው።

ሆኖም የሊቃውንቱ ተስፋ ከዚህ ስፍራ አልጠፋም። በሌላው ዓለም ባሕሩ ከልማዱ አንድና ሁለት ዲግሪ በሞቀ ጊዜ ኮራሉ በውስጡ ያሉትን ዕፀዋት አውጥቶ ይጥላል፥ ነጥቶም ይሞታል። የዚህ ባሕረ ሰላጤ ኮራል ግን ከሌላው ይልቅ ሙቀትን ይታገሣል። እ.ኤ.አ. በ2013 ይህን የጻፉት ተመራማሪዎች ምክንያቱን ሲያስረዱ፥ የበረዶው ዘመን ካለፈ በኋላ ከህንድ ውቅያኖስ ወደ ቀይ ባሕር የገባው ኮራል ሁሉ በደቡብ በኩል ባለው እጅግ በሚሞቀው ውኃ፥ በባብ ኤል መንደብ በኩል ማለፍ ግዴታ ሆኖበት ነበር፤ ያን ያልቻለው በዚያው ቀረ፥ የቻለው ብቻ ወደ ሰሜን ደረሰ ይላሉ።

አስጎብኚዋ ይህን ስትናገር እኚያ እናት ከአጠገባችን ነበሩ።

አሁን የእርሳቸውን ነገር ልናገር፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄአለሁ። ልጃቸው ተማሪዬ ነበረ። በክፍላችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የአፍሪካ ካርታ ነበረ፤ እኔም በጠቋሚ እንጨት ቀይ ባሕርን ከላይ እስከ ታች እየተከተልሁ፥ ባብ ኤል መንደብ ስደርስ፥ «ይህ በዐረብኛ የልቅሶ በር ማለት ነው፤ ዐረብ አገርና አፍሪካ ለመገናኘት የቀራቸው የጥፍር ያህል ነው» እያልሁ አስተምር ነበር። ልጆቹ ይስቁ ነበር፥ እርሱም ይስቅ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ትምህርቱን ትቶ፥ እንደ ብዙዎቹ የወሎ ልጆች በኦቦክ በኩል ወደ የመን ሊሻገር በሌሊት ጀልባ ተሳፈረ። ከሞት የተረፈ ጓደኛው በስልክ ለእናቱ ተናገረ። ፍትሐቱ ተደረገ፥ ተዝካሩ ወጣ፤ የተቀበረ አካል ግን የለም።

በድልድዩ ላይ ነጠላቸውን አጥብቀው ቆመው ወደ ታች ሲመለከቱ ቆዩና፥ «የኔታ፥ ይህ ያው ባሕር ነው?» አሉኝ።

«አዎን፥ ያው ነው» አልኋቸው። «ይህ ባሕረ ሰላጤ ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ወርዶ በቲራን በር ከቀይ ባሕር ጋር ይገናኛል፤ ከዚያ 2000 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ እዚያ ይደርሳል።»

«ውኃውስ? የዚያ ውኃ ወደዚህ ይመጣል?»

ይህን ጥያቄ ከተማሪ አልተጠየቅሁትም ነበር። ቀይ ባሕር ወንዝ የማይገባበት ባሕር ነው፤ ፀሐይ የምትወስደውን ያህል የሚተካለት በባብ ኤል መንደብ በኩል የሚገባው ውኃ ነው፥ ከላይ ያለውም ውኃ ወደ ሰሜን ይወጣል። ስለዚህ፥ «ይመጣል፥ እማማ፤ እጅግ በቀስታ ነው እንጂ ይመጣል» አልኋቸው።

ከነጠላቸው ጫፍ አንድ ትንሽ ጠርሙስ ፈቱ። ከጥቂት ቀን በፊት ሁላችንም ከዮርዳኖስ የቀዳነው ውኃ ነበረ፤ እኛ ለየቤታችን ልንወስደው ይዘነዋል። ዮርዳኖስ በጨው ባሕር ይቀራል እንጂ ወደዚህ ባሕር አይደርስም። ጠርሙሱን ሲከፍቱ ጠባቂው ከዳሩ አይቶ ፈጥኖ መጣ፤ በውኃው ውስጥ ምንም መጨመር ክልክል ነውና። አስጎብኚያችን በዕብራይስጥ ነገረችው። ጠባቂው ጠርሙሱን ተቀብሎ በፀሐይ ላይ አነሣው፥ አሸተተውም። «ውኃ ብቻ ነው?» አለ። «ውኃ ብቻ ነው» አለችው። መልሶ ሰጣቸውና ፊቱን ወደ ሌላ በኩል አዞረ። መሪጌታ ጸሎተ ፍትሐት በዝግታ ጀመሩ። እኔም የምመልሰውን መለስሁ። ውኃው ከጠርሙሱ ወርዶ ባሕሩን ሲነካ ትንንሽ ዓሦች እህል መስሏቸው ተሰበሰቡ፥ ወዲያውም ተበተኑ።

በማግሥቱ ማለዳ ፀሐይ ሳትበረታ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ተራራ ወጣን። ጽፋሖት ይባላል፤ ከፍታው 300 ሜትር አይሞላም፥ ነገር ግን ከባሕር ዳር ስለሚነሣ አቀበቱ እውነተኛ አቀበት ነው። መውጣትና መውረዱ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር ውኃ፣ ባርኔጣና የማያንሸራትት ጫማ ያስፈልጋል። ከእኛ ሁሉ ቀድመው የወጡት መሪጌታ ናቸው። በሸለቆው ውስጥ ብቻውን የቆመ ግራር ባገኙ ጊዜ ቆመው ቅርንጫፉን በእጃቸው ዳሰሱ፤ ኦሪት ታቦቱን ከዚህ እንጨት ሥሩ ትላለችና። ያው በአዋሽ ሸለቆና በዝዋይ ዳር የምናውቀው ጃንጥላ መሳዩ ግራር ነው፥ እዚህ ግን እጅግ ቀጭን ነው። በእነዚህ ተራሮች የበረሃ ዋልያ አለ፤ የእኛ የስሜን ዋልያ የቅርብ ዘመድ ነው። አንድም አላየንም፥ ፋንድያውን ግን አይተናል። ድንጋዩም ዘመዳችን ነው። የሥነ ምድር ሊቃውንት ቀይ ባሕር ሳይከፈት አንድ የነበረው የዐረብና የኑብያ ጥንታዊ አለት ይሉታል፤ በትግራይና በኤርትራ ከሥር የሚገኘውም ከዚሁ ወገን ነው።

ከጫፉ ላይ ሆኖ አራት መንግሥታት ይታያሉ፤ ከእግር በታች እስራኤል፥ በቀኝ ግብፅ፥ በማዶ ዮርዳኖስና ከእርሱ ቀጥሎ ሳዑዲ ዐረቢያ። በዚያን ጊዜ ከደቡብ የመጣ የአሞራ መንጋ ክንፉን ሳያርገበግብ በሙቅ አየር እየተሽከረከረ በራሳችን ላይ አለፈ። በየጸደዩ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ወፎች ክረምታቸውን በአፍሪካ አሳልፈው በዚህ በኩል ወደ ሰሜን ይመለሳሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በእኛ አገር የከረሙ ናቸው። መሪጌታ እስኪጠፉ ድረስ በዐይናቸው ሸኟቸው።

ከዚህ ጕዞ በኋላ መስከረም 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ጦርነት ተነሥቶ፥ ኤላት በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ተፈናቃዮችን በሆቴሎቿ አስጠግታ ነበረች። እንግዲህ ወደዚያ ለመውረድ የሚያስብ ተሳላሚ አስቀድሞ የመንገዱን ሁኔታ በኢየሩሳሌም ካሉ አባቶች ይጠይቅ። የሚሄድም ከትንሣኤ በኋላ ቢሄድ ይሻለዋል፤ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ዋና የማይችል ሰው ከድልድዩ ላይ ቢመለከት እንኳ ብዙ ያያል። ሰደርያውን ግን እንቢ አይበል።

በአውቶቡሱ ስንመለስ እኚያ እናት ከጎኔ ተቀምጠው ነበር። ጨለማ ሆኖ ዓረባን ስናቋርጥ የተኙ መስሎኝ ነበር።

«የኔታ» አሉኝ፥ «ያ በር፥ ልጄ የቀረበት፥ ስፋቱ ምን ያህል ነው?»

በጠበበው በኩል 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በኪሎ ሜትር ብነግራቸው እንደማይገባቸው ዐውቄ፥ «ከደሴ እስከ ሐይቅ ያህላል» አልኋቸው።

ጥቂት ቆዩ።

«እርሱንማ ስለቴን ይዤ በእግሬ ሄጄዋለሁ» አሉ።